ስለ ውሃው ዜና፣ ከታማኝ ምንጭዎ

ለክቡር አቶ ፍቅረሰላም በላይ
የሸለቆው ሬዲዮ ሥራ አስኪያጅ
ሰመራ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ በዚህ ድንጋይ በሚያልበው ሙቀት ጤናዎ እንደተጠበቀ፣ የቢሮዎ ማቀዝቀዣም እንዳልተበላሸ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በአዋሽ ከተማ አስፋልቱ ዳር የውሃ ታንከርና በርሜል የምሸጥ ይታያል ቢሰጥ የምባል ነጋዴ ነኝ። ፊቴን ባያውቁትም «ውሃ ሲጠፋ የማይጠፋ፣ የይታያል ታንከር!» የሚለውን ማስታወቂያ በየዕለቱ ስለምታስተላልፉልኝ ስሜ ለጆሮዎ እንግዳ እንደማይሆን አምናለሁ።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ጣቢያዎ በመምህርት ኤፍራታ ጥሩሰው ላይ ያቀረበው የክስ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው በእጄ አልገባም፤ ሆኖም ራሳችሁ በዜና ሰዓት ስላነበባችሁት ከነሙሉ ቃሉ ሰምቼዋለሁ። እኒህ ሰመራ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ ጋዜጠኝነት የሚያስተምሩ ሴት፣ ስለ አዋሽ የውሃ እጥረት ያሠራጫችሁትን ዜና «የዜና ልብስ የለበሰ ማስታወቂያ ነው» ብለው በክፍል አስተምረዋል፤ ይህንኑ ጽፈውም በኮሌጁ ሰሌዳ ላይ ለጥፈዋል። እናንተ ደግሞ ዜናው «በውሃው ዘርፍ ረጅም ልምድ ካለው ታማኝ ምንጭ» የተገኘ መሆኑን ገልጻችሁ፣ መምህርቷ የጣቢያውን ስም አጥፍተዋልና ከማስተማር እንዲታገዱ ጠይቃችኋል። የኮሌጁ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ጉዳዩን በመጪው ማክሰኞ ያያል። መምህርቷ ያሉትን በማስረጃ እንዲያስረዱ ታዘዋል፤ ማስረጃ ግን የላቸውም። ያለው እኔ ዘንድ ነውና ዝም ማለቱን ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም። እስከ ዛሬ ግን ፈቅዶልኝ ነበር፤ ይህንንም ልደብቅዎ አልፈልግም።

በቅድሚያ የሚገባዎትን ምስጋና ላቅርብ።

አንደኛ፣ «ታማኝ ምንጭ» ስላላችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ በኖርንበት ትዳር ሁሉ ይህን ስም አውጥታልኝ አታውቅም። ነገሩን ምናልባት አልሰሙት እንደሆነ፣ የማስታወቂያ ክፍልዎ ሠራተኛ ዓቢይ ወደ ሱቄ መጥቶ ከታንከሮቹ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሳለ ገበያው እንደቀዘቀዘ አጫወትኩት። «ጋሽ ይታያል፣ ማስታወቂያ ብቻውን ሰው ከተቀመጠበት አያስነሣም፤ ሰው ብድግ የሚለው ዜና ሲሰማ ነው» አለኝ። ቀጥሎም «እዚህ ውሃ ጠፍቶ ያውቃል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ምን ነካህ፣ አምና ፓምፑ ተቃጥሎ በአህያ እያስቀዳን አልነበር እንዴ!» አልኩት። «ዘንድሮስ ሊጠፋ ይችላል?» አለ። እኔም ደጃፌ ላይ የተደረደረውን ዕቃ አየት አደረግሁና «ይችላል፤ የማይቻል ምን አለ?» አልኩት። «በቃ፣ ይኼማ ዜና ነው» ብሎ ስልኩ ላይ ጻፈው።

በማግሥቱ «በአዋሽ ከተማ በሚቀጥሉት ቀናት ከፍተኛ የውሃ እጥረት ሊከሰት እንደሚችል ከታማኝ ምንጭ ተገለጸ» ተባለ። ጋዜጠኛዋም ትንፋሽ ሳትወስድ፣ ድምፅዋንም ሳትለውጥ «ውሃ ሲጠፋ የማይጠፋ» ብላ ወደ እኔ ተሻገረች። ዜናው የማን ቃል እንደሆነ ወዲያው አወቅሁት። ውሸት ንገሩልኝ ብዬ እንዳላዘዝኳችሁ እውነት ነው። ነገር ግን ደውዬ «ኧረ ይኼ የኔ ግምት ነው፣ አንሡት» ማለት ስችል ሱቄን ማልጄ ከፈትሁ። የዕለት ማስታወሻ የመያዝ ልማድ አለኝ፤ በዚያ ቀን የጻፍኩት «ሙቀት። ጥሩ ገበያ።» የሚል ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ያንን ገጽ ባለፍሁት ቁጥር የሌላ ሰው እጅ ጽሕፈት እየመሰለኝ ነው።

ሁለተኛ፣ አርቆ አሳቢነታችሁን አደንቃለሁ፤ ውሃው እውነትም ጠፍቷልና። ፓምፑ አልተበላሸም፣ ጉድጓዱም አልደረቀም። ዜናውን የሰማ ሁሉ ታንከር ገዝቶ፣ ታንከር ያልደረሰው በርሜልና ጀሪካን ደርድሮ፣ ቧንቧውን ከፍቶ መሙላት ሲጀምር ጊዜ ከላይኛው ሰፈር ያለፈ ጠብታ አልነበረም። ከታች የሚኖሩት የቀን ሠራተኞች፣ ከባቡር ጣቢያው ወዲያ ያሉት፣ በባዶ ጀሪካን ሲሰለፉ ሰነበቱ። ጣቢያዎም ይህን ሲያይ «ቀደም ሲል እንደዘገብነው የውሃ እጥረቱ ተከስቷል» ብሎ በኩራት አበሠረን። ቤቱን ራሱ አቃጥሎ «ጭስ ይታየኛል ብያችሁ ነበር» የሚል ጎረቤት ቢኖረኝ እንዲህ አልደነቅም ነበር።

በታችኛው ሰፈር ውብነሽ የምትባል፣ ለሾፌሮች አልቤርጎ አንሶላ እያጠበች የምትኖር ደንበኛ አለችኝ። እሷም ዜናውን ሰምታ ታንከር ገዝታ ነበር። ታንከሩ ጠብታ ሳይገባበት ፀሐይ ላይ ቆሞ እያየች፣ አንሶላውም ሳይታጠብ ሥራዋ ለሌላ ተሰጥቶባት፣ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ምን አለችኝ መሰለዎት? «ጋሼ ይታያል፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ አንተ ቀድመህ ባታስበን ምን ይውጠን ነበር!» ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የሰደበ ደንበኛ ተመልሶ ይመጣል፤ ሰው ያለ ሥራው ሲያመሰግነው ግን መመለሻ ያጣል።

ሦስተኛ፣ ስለ መምህርቷ። ከዚህ በኋላ ባለው ጊዜ ኮሌጁ ያዘዘውን ታንከር ጭኜ ሰመራ ወርጄ ነበር። ዕቃ ግምጃ ቤቱ እስኪከፈት ከፀሐዩ ሸሽቼ የአየር ማራገቢያ ወዳለበት ክፍል ገብቼ ከኋላ ተቀመጥሁ። የራሴ ማስታወቂያ ከድምፅ ማጉያ ሲወጣ ደነገጥሁ። ተማሪዎቹ በቃላቸው ይዘውት ኖሮ አብረው ዘፈኑትና ሳቁ። መምህርቷም ሳቁ። ሳቁ ሲያበቃ ዜናውንና ማስታወቂያውን በተከታታይ አሰምተው «ዜናው የት ላይ አለቀ? እጃችሁን አንሡ» አሉ። አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ አነሣ፤ ግማሾቹ ጭራሽ አላነሡም። «አያችሁ፣ እናንተ ይህን ልትማሩ የመጣችሁት ካልለያችሁት፣ ቤቱ ሆኖ ሽንኩርት እየከተፈ የሚሰማው ሰው በምን ይለየዋል?» አሉ። ከዚያም «ተገለጸ ይላል። ማን ገለጸ? እሱ ሰው ከዚህ ዜና ምን ያገኛል? ይህን ያልጠየቀ ጋዜጠኛ የሌላ ሰው አፍ ነው» ብለው ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፉ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም፤ ነገር ግን ይህን ትምህርት ማንም ነጋዴ ይረዳዋል። ታንከር ስሸጥ ስንት ሊትር እንደሚይዝ ጎኑ ላይ ተጽፏል፤ ያላመነ በባልዲ ለክቶ ይሞግተኛል። እናንተ ግን አንድ ዕቃ በሁለት ስም ትሸጣላችሁ፤ ገዢው ዜና የሰማ እየመሰለው የኔን ገበያ ይዞ ቤቱ ይገባል። በሱቄ እንዲህ ባደርግ ሸማቹ ያሳስረኛል። እናንተን የሚያሳስር የለም፤ ይልቁንም የጠየቃችሁን ታሳግዳላችሁ።

ትምህርቱ እንዳለቀ መምህርቷ እንግዳ መሆኔን አይተው «አባት፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አሉኝ። አንዱ ተማሪ ስሜ የተጻፈበትን ጭነት ውጭ አይቶ ኖሮ «ቲቸር፣ እሳቸው እኮ ናቸው ይታያል!» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በሳቅ ሲናጥ እርሳቸው ብቻ አልሳቁም። ውጭ ድረስ ሸኙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በሰው ፊት ላሳፍርዎት አልፈለግሁም። ዜናውን ማን እንደነገራቸው ያውቃሉ?» አሉኝ። «የሬዲዮ ነገር አላውቅም፣ እመቤት፤ እኔ ዕቃ ነው የምሸጠው» አልኳቸው። ማክሰኞ ኮሚቴ ፊት ባዶ እጃቸውን የሚቆሙት በዚህች መልሴ ምክንያት ነው። እናንተ ከሰሳችኋቸው፤ ማስረጃውን የነፈግኋቸው ግን እኔ ነኝ። ስለዚህ ጥፋቱን ስንካፈል የእናንተ ድርሻ እንዳይበዛባችሁ የበኩሌን እወስዳለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ሀምዳ። እዚህ ላይ ምስጋና ስላጣሁ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ሀምዳ ለብዙ ዘመን ደንበኛዬ የሆነ የአፋር ሰው ነው፤ ዘመዶቹ ከከተማው ዳር የራሱ ጉድጓድ ባለው ገንዳ ከብት ያጠጣሉ። ዜናው በተነገረ ማግሥት ገመድ ሊገዛ መጥቶ እንደ ወጉ ዳጉ ተጠያየቅን። እርስዎ የዜና ሰው ነዎትና ዳጉን ላስረዳዎት አይገባኝም፤ ሁለት ሰው ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ይለዋወጣል፣ ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ከእገሌ ሰማሁ ይላል፣ የተነገረውም ያንን ተሸክሞ ወደ ቀጣዩ ሰው ያደርሳል። ፈቃድ የለውም፣ ስቱዲዮ የለውም፣ ማስታወቂያም የለውም። ሀምዳ «ውሃ ይጠፋል የሚሉት ነገር፣ አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» አለኝ። «ሬዲዮ ነው ያለው» አልኩት። ከኔ አፍ የወጣው ቃል በእናንተ በኩል ዞሮ ወደኔ ተመልሶ፣ እኔም እንደ አዲስ ዕቃ ሸጥኩለት።

እሱ ቃሉን አደረሰ። ዘመዶቹም ገንዳው ሳይደርቅ ብለው በቀትር ፍየሎቻቸውን ነድተው ወደ ወንዙ ወረዱ፤ ያልጠኑት ግልገሎች መንገድ ላይ ቀሩ። ገንዳው ግን አልደረቀም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሀምዳ መጣ። አልተቀመጠም። «ሽማግሌዎቹ ከማን ሰማህ አሉኝ፤ ከይታያል አልኩ። ይታያልስ ከማን ሰማ አሉኝ፤ ከሬዲዮ አልኩ። ሬዲዮውስ ከማን ሰማ ሲሉኝ መልስ አጣሁ። አንተ ንገረኝ» አለኝ።

«ከኔ» አልኩት።

እሱም «ወላሂ፣ አዋሽ ይኼን ሁሉ ሲጠማዘዝ ወደ መነሻው አይመለስም፤ ያንተ ወሬ ተመለሰ!» አለ። ታንከር በነፃ ውሰድ አልኩት፤ ሌላ የማውቀው ካሣ የለኝምና። «ታንከር ምን ያደርግልኛል? ዱሮ ስናገር ሰው ይነሣ ነበር። አሁን እኔ ከተናገርኩ በኋላ ሌላ ሰው ይጠይቃሉ» ብሎኝ ሄደ። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ስም ማጥፋት ምን እንደሆነ ማስረዳት ካስፈለገ ስሙ የጠፋው ሰው ይህ ነው። እሱ ግን ማንም እንዲታገድለት ደብዳቤ አልጻፈም።

እነሆ የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። እስከ ማክሰኞ ክሱን ቢያነሡ፣ መምህርቷም ወደ ክፍላቸው ቢመለሱ፣ ለጣቢያዎ ክብር ይሆናል። ካላነሡት እኔ ሰኞ ሰመራ ገብቼ አድራለሁ፤ ማክሰኞም ኮሚቴው ፊት ቀርቤ «በውሃው ዘርፍ ረጅም ልምድ ያለው ታማኝ ምንጭ» ማን እንደሆነ፣ ልምዱም ታንከር መሸጥ እንደሆነ፣ የተናገረውም «ይችላል» የምትል አንዲት ቃል እንደሆነች በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። መምህርቷ ሲጠይቁኝ መዋሸቴንም አብሬ እናገራለሁ። ይህን ማድረጌ ገበያዬን እንደሚጎዳው አስልቼዋለሁ፤ ሰው ታንከር የሚገዛው ካመነኝ ነውና። ሆኖም ታንከር መሸጤን አልተውም፤ በእናንተ በኩል መሸጤን ግን ትቻለሁ። ማስታወቂያዬን ከዛሬ ጀምሮ እንድታቆሙልኝ በዚሁ አሳውቃለሁ።

ለጣቢያዎ ዕድገትን፣ ለጋዜጠኞችዎ አንድ ጥያቄ የመጠየቂያ ያህል ድፍረትን፣ ለእርስዎም ረጅም ዕድሜንና ያልተቋረጠ የቧንቧ ውሃን እየተመኘሁ፣ ከልብ በመነጨ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የዜናዎ መነሻ፣ የማስታወቂያዎ የቀድሞ ደንበኛ፣ የጥፋትዎም ተካፋይ፣
ይታያል ቢሰጥ
አዋሽ

ሳልጨምር የማላልፈው፦ ይህን ጽፌ ልፈርም ስል ዓቢይ ደወለልኝ። ወደ ሰመራ ልሄድ መሆኔን ከማን እንደሰማ አልነገረኝም፤ ብቻ ጣቢያው ለነባር ደንበኝነቴ የአንድ ወር ነፃ አገልግሎት እንደፈቀደልኝ አበሠረኝ። «በዜና ነው በማስታወቂያ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ጋሽ ይታያል፣ እንደሚመችዎት» አለኝ። ማክሰኞ ለኮሚቴው ይህችን መልስ ሳላሳጥር አደርስልዎታለሁ።