ጅብ ጫማ ውስጥ አይተኛም

ሐሙስ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ መቐለ

ንዴቱ እስካሁን አልበረደልኝም። ልጄ ስትወልድ ላርሳት አውስትራሊያ ልሄድ ሻንጣዬን ሸክፌ ጨርሻለሁ። እሷ ግን ዛሬ የመታጠቢያ ቤቷን ግድግዳ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። መዳፍ የምታህል ሸረሪት ተለጥፋበታለች!

"እማ፣ ስትመጪ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው። ይቺ ሰው አትነካም። ብቻ ጠዋት ጫማሽን ሳታራግፊ እንዳታደርጊ፤ መርዘኞቹ እዚያ ይገባሉ" ትለኛለች። ማጽናናቷ መሆኑ ነው!

ባሌ ደግሞ በሳቅ ፈነዳ። "ኣጆኺ፣ አይዞሽ! ክረምት ላይ ጅቡን ከአጥራችን በዱላ ያባረርሽው ሴትዮ ሸረሪት ፈራሽ?" አለኝ። አይ አጽናኝ! ጅብ ጫማ ውስጥ አይተኛም። ሲመጣም ውሻው ይነግረኛል። ለመሆኑ እንዲህ ያለ አገር ሄደሽ ውለጂ ያላት ማን ነው? አልሄድም ብዬ ሻንጣውን በእግሬ ገፈተርኩት።

ወዲያው ደወልኩና ጮህኩባት። "ያንን አውሬ ማን አወጣልሽ?"

"ማን ያወጣልኛል? ባሌ ሥራ ነው። በብርጭቆ ከድኜ ራሴ አወጣኋት" አለችኝ፣ ዝንብ እንዳባረረ ሰው።

ያን ሆድ ይዛ! እዚህ መቐለ፣ ሓድነት ሰፈር ሳለች እኮ በረሮ ካየች አልጋ ላይ ወጥታ "እማ! እማ!" እያለች ሰፈሩን የምታምስ ልጅ ነበረች። እኔ ካልደረስኩ አትወርድም።

ሻንጣውን አነሳሁት። ዝግ ጫማዎቼን አውጥቼ ነጠላ ጫማ ብቻ ከተትኩበት። ንዴቴ ግን አልወጣልኝም። እዚያ አገር መጀመሪያ ሸረሪት ያየች ቀን፣ ማንን ተጣርታ ይሆን?