የሚጾመው ድስት

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 2 ቀን 1997

አልጨመረችም። ሚዛኑ የተበላሸ መስሎኝ ብርሃኔን አውርጄ መልሼ ሰቀልኳት። ሚዛኑ ደህና ነው። እናቷ ወርቄ ዓይን ዓይኔን ታያለች። ሁልጊዜ የምለውን አልኳት፦ እንቁላል፣ ወተት፣ ካሮት። የጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ያለው የምግብ ሥዕልም የሚለው ይኸንኑ ነው። ቆጮ የለበትም፤ ጎደሬም የለበትም። ቦንጋ ዙሪያ የሚበላው ግን እሱ ነው።

ወርቄ ዝምተኛ ናት፤ ዛሬ ግን ተናገረች። "የመጀመሪያዋን ስወልድ በአራት ወሯ ምግብ አስጀምሪ አላችሁኝ። ለዚህችኛዋ በስድስት አላችሁኝ። ሁለቱንም ሰማሁ ሲስተር፤ ይኸው።"

እኔም በተማሪነቴ ገንቢ፣ ኃይል ሰጪ፣ በሽታ ተከላካይ እያልኩ ሸምድጄ ነው ያለፍኩት። መመሪያው ሲለወጥ አዲሱን ሸመደድኩ። ልጅቷ ግን እየከሳች ነው፤ ፈርቻለሁ።

እሑድ፣ ሐምሌ 3

ከቅዳሴ መልስ ወርቄ ቤት ጎራ አልኩ። ጓሮዋ ዶሮ አለ። እንቁላሉም ጥግ ላይ፣ ሣር ውስጥ ተቀምጧል። ተናደድኩ። ታዲያ ለምን አትሰጫትም?

"ጾም ነው እኮ ሲስተር።"

"ልጅ አይጾምም!"

"ልጅቷ አትጾምም። ድስቱ ነው የሚጾመው።"

ቤቱ ውስጥ ያለው ድስት አንድ ነው። እንቁላል ከነካው፣ ጾሙ እስኪፈታ ድረስ በሱ የበሰለውን ጎመን ባሏም አማቷም አይቀምሱም። ስንት ዓመት ስለ እንቁላል ስለፈልፍ ስለ ድስት አንድ ቀን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። መመሪያውም አላለም።

ቤቴ ሮጬ ትንሿን ድስቴን አመጣሁላት። ብርሃኔ እንቁላሉን እዚያው ፊቴ በላች፤ ጣቷን ላሰች። ደስ አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ!

ሰኞ፣ ሐምሌ 4

ለአለቃዬ ለጋሽ ተካ ስለ ድስቱ ነገርኳቸው። "ጥሩ ነው። ሪፖርቱ ላይ የት እናስገባዋለን?" አሉኝ። እየቀለዱ አልነበረም። ቆጮና ጎደሬ ሥዕሉ ላይ ይጨመሩ አልኩ። "ከላይ የመጣ ነው፤ አንነካውም። አዲስ እየመጣ ነው" አሉ።

ማታ ሽሮዬን በምን ልሥራ? ድስት ከጎረቤት ተዋስኩ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 5

ጾሙ ተፈታ። ዝናቡ አላባራም። አዲሱ ሥዕል ትናንት ማምሻውን መጥቶ ኖሯል፤ ጋሽ ተካ በበዓል ቀን ጠርተው አሳዩኝ። ወረቀቱ ያብለጨልጫል። ብርቱካን ተጨምሮበታል። ቆጮ የለም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 6

ወርቄ ብርሃኔን አዝላ መጣች። ድስቴን በአመድ ፈትጋ አንጽታዋለች።

"እግዜር ይስጥልኝ። ጾሙ ወጣ፤ የኔው ይበቃል።"

"ረቡዕና ዓርብስ? ፍልሰታም እየመጣ ነው። አንቺ ጋ ይቆይ" አልኳት።

መሬት መሬት አየች። ለበዓሉ ዋጋው ጥሩ ስለነበር ባሏ ዶሮዎቹን ሸጧቸዋል። እንቁላሉንም። ለቤት የሚሆን ጨውና ሳሙና ተገዝቶበታል። እሱን እንዳልቆጣ፣ እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። "ምን ልሥራበት ሲስተር?" አለችኝ።

ብርሃኔን ሚዛኑ ላይ ሰቀልኳት። ያው ናት።

ድስቱን ስቀበል ብርሃኔ ከእናቷ ጀርባ ላይ እጇን ዘረጋች። ክዳኑን ከፍቼ ባዶውን አሳየኋት። እጇን አስገብታ ዳበሰችው፤ ከዚያ ጣቷን ላሰች።