ውኃው የነዘረን ሰሞን

ከአባታችን ቀጥሎ ለማከብርህ ለታላቅ ወንድሜ ይድረስ፤

ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው፣ ደረጃ መውጣት ቻልክ? ባለቤትህስ ያ ሳሏ ለቀቃት? እናታችንስ እህል ትቀምሳለች ወይስ አሁንም በልመና ነው? እኛ ሁላችንም በሕይወት አለን። ይህን ያስቀደምኩት እንዳትደነግጥ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ግን ለእናታችን ጮክ ብለህ እንዳታነብላት፤ ገለል ብለህ ለብቻህ አንብበው።

ባለቤቴ ወገቡን ከተመታ ወዲህ የአናጢነቱን ሥራ መተዉን ታውቃለህ። ግድግዳ ሲቆጥር ከርሞ አንድ ቀን ጓሮ ውስጥ የላስቲክ ቤት ሠርቼ ዓሣና አትክልት ባንድ ላይ አለማለሁ ብሎ ተነሣ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከታች ዓሣ ያለበት ታንከር፣ ከላይ አፈር የሌለው፣ ጠጠር ብቻ የተሞላ የእንጨት ገንዳ አለ። ፓምፕ የዓሣውን ውኃ ወደ ጠጠሩ ይገፋል፤ የዓሣው ኩስ ለሰላጣው ምግብ ይሆናል፤ ውኃው ተጣርቶ ተመልሶ ዓሣው ላይ ይንጠባጠባል። የብረት ቋሚዎቹን እኔ ያዝኩለት፣ እሱ ብሎኑን አጠበቀ። ጠጠሩን በባልዲ ስናጥብ ጥፍራችን አለቀ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሲያፏጭ ሰማሁት።

መጀመሪያ ያስፈሩን ዓሣዎቹ ናቸው። አዲስ ውኃ ውስጥ ኩሱን ወደ ማዳበሪያ የሚለውጡት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተሐዋስያን እስኪረቡ ሳምንታት ይወስዳል፤ ዓሣ ሻጩም ለጊዜው ጥቂት ብቻ ጨምሩ ብሎን ነበር። የእኔ ሰው መቼ ትዕግሥት ያውቃል፣ አርባውንም ባንዴ ለቀቃቸው። ባራተኛው ቀን ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር፤ ሰባቱ ሞቱ። አማቴ፣ እናቱ፣ ለሙቀቱ ብለው ጠዋት ጠዋት ላስቲክ ቤቱ ውስጥ እየተቀመጡ ዓሣዎቹን ያዋሯቸዋል፤ ሳያቋርጡኝ የሚሰሙኝ እነሱ ብቻ ናቸው ይላሉ። ሲሞቱባቸው፣ ወሬዬ ገደላቸው እንዴ አሉ፤ ሳቅን።

ሐሙስ ዕለት የተንሳፈፈ ቅጠል ላወጣ እጄን ሳስገባ ስሰፋ መርፌ የወጋኝን ጣቴን ነዘር አደረገኝ። ቁስሌ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ጋሼ፣ ዝም አልኩ!

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ልብስ እየሰፋሁ ሳለ አማቴ፣ ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው የማትመልስልኝ ሲሉ ሰማሁ። ዓይናቸው ደክሟል፣ አላዩም። ሮጬ ስገባ አንድ እጁ ውኃው ውስጥ ነው፣ በሌላው የብረቱን ቋሚ ጨብጦ ድርቅ ብሏል። ጥርሱን ነክሷል፤ ዓይኑ ያየኛል፤ ድምፅ ግን የለውም። እናቱ በዳበሳ ተነሥተው ሊይዙት እጃቸውን ዘርግተዋል። እማማ እንዳይነኩት ብዬ ጮህኩ። የእኔም እጅ ወደሱ ሊሄድ ነበር፤ እንዴት እንደመለስኩት አላውቅም። የፓምፑ ማጥፊያ ቤት ውስጥ፣ ከበሩ ጀርባ ነው። አሥራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው፤ ግን አልደርስ አለኝ። ሳጠፋው ከውጭ ዱብ የሚል ነገር ሰማሁ። ሞቶ የወደቀ መሰለኝ። በዳዴ ነው የተመለስኩት።

አልሞተም። እናቱ ራሱን ታቅፈው ስሙን ይጠራሉ፣ እሱ እያቃሰተ ይተነፍሳል። ሐኪሙ አንድ ቀን አስተኝቶ ልቡን ካየ በኋላ፣ ከመዳፉ ቃጠሎ በቀር ደህና ነው አለን። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ደግሞ የፓምፑ ገመድ በታንከሩ ጠርዝ እየታሸ መላጡን አሳየኝ። ይህ ሲነዝር ሰንብቷል፣ እንዴት አንዳችሁም ሳይሰማችሁ ቀረ ሲለኝ አንገቴን ደፋሁ።

በማግስቱ ምሳ ላይ አልቻልኩም፤ ሐሙስ ነዝሮኝ ነበር፣ ይቅር በለኝ አልኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ። ከዚያ፣ እኔንማ ከማክሰኞ ጀምሮ ይነዝረኝ ነበር፣ ብነግርሽ ሥራውን ታስተዪኛለሽ ብዬ ፈራሁ አለኝ። ጋሼ፣ ከቅዳሜው ይልቅ ይህ አስፈራኝ። እናቱ ጠዋት ጠዋት ከታንከሩ አጠገብ ሲቀመጡ እያየ! እኔስ እያየሁ! አንድ አልጋ ላይ እየተኛን ያንኑ ነገር ተደባብቀን ነበር።

ፓምፑ በቆመባቸው ቀናት ዓሣዎቹ አየር እንዲያገኙ ውኃውን በባልዲ እየቀዳሁ መልሼ የደፋሁት እኔ ነኝ፤ ጣቴን ሳላስነካ። ትናንት ሠራተኛው ገመዱን ቀይሮ፣ ኤሌክትሪኩ ትንሽ እንኳ ቢያፈተልክ ራሱ የሚያጠፋ መሣሪያ ገጠመልንና ፓምፑ እንደገና ተነሣ። ሠላሳ ያህሉ ዓሣ ተርፏል፤ ሰላጣውም ቅጠል አውጥቷል። እኔ ግን ፓምፑ ሲጮህ እፈራለሁ፤ ዝም ሲል ይብሳል። ይህን ስጽፍልህ እንኳ ሦስት ጊዜ ብድግ ብዬ በመስኮት አየሁት። አፍርሰው እንዳልለው መልሶ አልጋ ላይ ሊውልብኝ ነው። እሱ ካንተ ቃል አይወጣም፤ ጻፍለት። አትቆጣው፤ የነዘረህን ሁሉ ንገራት በለው፣ ይበቃኛል።

የእናታችንን ጉልበት ሳምልኝ። ለባለቤትህ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ መንትዮቹን ግንባራቸውን ሳምልኝ። ታናሻችንን ደብዳቤ ስለማትጽፍልኝ ኩርፊያ ላይ ነኝ በልልኝ። አማቴ ከነዓሣዎቻቸው ሰላም ብለውሃል። ባለቤቴም መዳፉ በፋሻ ታስሮ ነው እንጂ ራሱ ይጽፍልህ ነበር፤ ምን እንደጻፍኩልህ አያውቅም። አይ፣ ይህም መደበቅ ነው። ሳላሽገው አሁኑኑ ሄጄ አነብለታለሁ።

ታናሽ እህትህ

ከጓሮው መስኮት አጠገብ
ግንቦት ፲፱ ቀን