የጎደለችው ካርድ፤ የወይዘሮ እስከዳር ክንዱ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ እስከዳር ከአባታቸው ከአቶ ክንዱ ፋንታሁን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታየች አምሐ በሰሜን ጎንደር፣ ዳባት ወረዳ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ጨርሰው በጎንደር ከተማ በጤና መረጃ አያያዝ ዲፕሎማ ተቀበሉ። በ1989 ዓ.ም. በከተማው ሆስፒታል ካርድ ክፍል ተቀጥረው ሃያ ሰባት ዓመት አገልግለዋል። በ1992 ዓ.ም. በጎንደር አራዳ ገበያ ጨርቅ ከሚነግዱት ከአቶ በላቸው ጋር ጋብቻ መሥርተው ሄለንንና እንዳልካቸውን ወልደዋል።

ሥራቸው ሐኪም የጻፈውን የበሽታ ስም በፊደልና በቁጥር መለያ መመዝገብ ነበር። ቀላል ይመስላል፤ ከእሳቸው ጋር ለሠራ ሐኪም ግን አልነበረም። አንዱ «ሊምፎማ» ብሎ የንፍፊት ካንሰሩን ዓይነት ሳይጽፍ ከላከ፣ ካርዱን ይዘው ፎቅ ይወጣሉ። «ዶክተር፣ ስም ሳይወጣለት ክርስትና የሚነሣ ልጅ አለ? ዓይነቱን ይጻፉልኝ» ይሉታል። ከሥራ ሲወጡም የጎደለ ካርድ ካለ ፈልገው ወደ መደርደሪያው ሳይመልሱ በር አይቆልፉም።

በጥር 2016 ዓ.ም. አንገታቸው ላይ ንፍፊት ወጣ። ከንፍፊቱ የተወሰደው ናሙና ውጤት ሲመጣ ሐኪሙ አስቀድሞ የጠራው አቶ በላቸውን ነው። አቶ በላቸውም ቤተሰቡን ሰብስበው «ከሰማች ትሞትብናለች» አሉ። ሁሉም ተስማማ። ሐኪሙም ተለምኖ ካርዳቸውን በመሳቢያው አኖረ፤ እሳቸው «የቲቢ ንፍፊት ነው» ተባሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ወደ ካርድ ክፍላቸው ተመለሱ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያሉ ታካሚ ሲመክሩ ከኖሩት ሴት በሽታ ተደበቀ። ካርድ ሲጎድል ከሚያውቅ ሰው ካርድ መሸሸግ! እንዲህ ያለ ሞኝነት በጎንደር ታይቶ አይታወቅም።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ዛሬ ሲታሰብ ያስፈራል። የሚንጠባጠብላቸው መድኃኒት ምን እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቁም፤ ያቺ ጠያቂ እስከዳር። ፀጉራቸው ሲረግፍ «ሙቀቱ ነው» አሉ። በየካቲት የካርድ ክፍሉን ቁልፍ ለረዳታቸው ለፅዮን አስረከቡ። በፋሲካ ሄለንን ዳባት ወስደው የአያቶቿን መቃብር አሳዩአት። ቤተሰቡ ግን ተሻላቸው ብሎ ደስ አለው።

ትናንት፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት፣ በአርባ ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ። ፅዮን የሞታቸውን ምክንያት ልትመዘግብ ስትሄድ ካርዳቸውን ከመደርደሪያው፣ ከቦታው አገኘችው። «ሲ 83.3» ተብሎ የሊምፎማው ዓይነት በወይዘሮ እስከዳር እጅ ተጽፏል፤ ቀኑም ውጤቱ በመጣ በማግሥቱ ነው። ካርዳቸውን ከመሳቢያ አውጥተው፣ መዝግበው፣ ሐኪሙንም ማወቃቸውን ለማንም እንዳይናገር አስምለውት ኖሯል። በውስጡ ታጥፋ የተቀመጠች ብጣሽ ወረቀት ነበረች፦

«ፅዮንዬ፣ ማወቄን በላቸው እንዳይሰማ። ከሰማ ይሞትብኛል።»

አቶ በላቸው ወረቀቷን አንብበዋል። እዚህ እንድትጻፍ ያዘዙትም እሳቸው ናቸው። ዐሥር ወር ሙሉ በአንድ ቤት ሁለት ሰዎች ተደባብቀው ለየብቻቸው አልቅሰዋል።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና የካርድ ክፍል ባልደረቦቻቸውን ትተው ሄደዋል። ሁሉን በየስሙ የሚያውቅ አምላክ እስከዳርን በስማቸው ጠርቶ ከወዳጆቹ ጎን ያሳርፋቸው፤ ለቀሩትም ሕመማቸውን እርስ በርስ የሚነጋገሩበት አንደበት ይስጣቸው።