«አንዴ ይድገሙት» ስለተባለው ባለቤቴ

ለተከበሩ የመዝናኛ ስፍራው ሥራ አስኪያጅ
መርሳ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ራስዎን እንዳያምዎ፣ ዓይንዎ እንዳይጭለመለምብዎ፣ ጠዋት ከአልጋዎ ሲነሱም ግድግዳ ለመያዝ እንዳይገደዱ እመኝልዎታለሁ። ይህን ምኞት ለማንም የማልነፍገው ዋጋውን ስለማውቅ ነው።

ወይዘሮ ኣዜብ ሃፍቶም እባላለሁ፤ ወልዲያ ገበያ ውስጥ ጨርቅ እሸጣለሁ። ባለቤቴ ግርማይ ከሱቄ በር ላይ በስፌት መኪናው ሠላሳ አራት ዓመት የሠራ፣ የከተማውን ሙሽሮች ሱፍ ያለበሰ ልብስ ሰፊ ነበር።

የፋሲካ ማግስት እህቴን ልንጠይቅ መርሳ መጥተን ሳለ እብዱን ባቡራችሁን አየን። በሐዲድ ሽቅብ ተስቦ ቁልቁል ለሚወረወረው ሮለር ኮስተር ሕዝቡ ያወጣለት ስም ነው፤ እንደማይቀየሙ ተስፋ አለኝ። ግርማይ ከሩቅ አይቶት ሊመለስ ሲል፣ «ኧረ አንተ ፈሪ፣ ውጣ! ጉልበቴን ባያመኝ እኔ አልቀርም ነበር» ብዬ ሳቅኩበት። ወጣ። ይህን መጻፌ ከእርስዎ በፊት ራሴን ከስሼ መጨረሴን እንዲያውቁልኝ ነው።

በመጀመሪያ የማመሰግነው ስለ ሠራተኛዎ ትሕትና ነው። ግርማይ ፊቱ አመድ መስሎ፣ አንገቱን በሁለት እጁ ይዞ «ዞረኝ፤ ራሴን ፈለጠኝ» እያለ ሲወርድ፣ መሳፈሪያው ላይ የቆመው ሠራተኛ «አባባ፣ መጀመሪያ ሁሉንም ያዞራል፤ አንዴ ይድገሙት፣ ይለቅዎታል» ብሎ ክንዱን ደግፎ መልሶ አስቀመጠው። ማዞርን በማዞር የሚያክም ባለሙያ እንዳላችሁ ሐኪሞቻችን አልሰሙም ነበር።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ሎሚው ነው። ራስ ምታቱ በሁለተኛው ሳምንትም ስላልለቀቀው ወደ ቢሮዎ ደውዬ፣ እንዲህ የሆነ ሌላ ሰው እንዳለ በትሕትና ጠይቄ ነበር፤ «ሎሚ ያስሸትቱት» ተባልኩ። አስሸተትኩት። ግርማይ ማስታገሻ እየዋጠ መስፋቱን ቀጠለ። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተው፤ የቆዩ ደንበኞቹ ስም ይጠፋበት ጀመር፤ በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ አንድ ማለዳ ከእጁ የወደቀውን መቀስ ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ በዚያው ተደፋ።

ወደ ደሴ ይዘነው ስንሄድ መንገዱ በእናንተ ደጅ ነው የሚያልፈው። የተሳፋሪዎቹ ጩኸት መኪናው ድረስ ተሰማ። ግርማይ እጄን ያዘና፣ «ኣዜብዬ፣ አንቺ ባትይኝም እወጣ ነበር። ሳየው አምሮኝ ነው» አለኝ። ዋሸኝ። ከፍታ ስለሚፈራ የቤታችንን ቆርቆሮ እንኳ ሰው ቀጥሮ ነበር የሚያስጠግነው።

ሐኪሙ እንዳስረዳን፣ ጭንቅላቱ በኃይል ሲናጥ አንዲት ቀጭን የደም ሥር ሳትበጠስ አትቀርም፤ ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ የፈሰሰው ደም አንጎሉን ተጭኖታል። «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ» ብሎ ጀመረና ፊቴን ሲያይ ተወው። ቀዶ ሕክምናው ተደረገለት። በአራተኛው ቀን አረፈ።

ለቅሶዬን ሰምተው «ተጠቃሚው በራሳቸው ፈቃድ የተሳፈሩ መሆናቸውን» ከሚገልጽ ደብዳቤ ጋር ስለላኩልኝ ሁለት የነጻ ትኬት ምስጋናዬ ወደር የለውም። ነገር ግን ሁለት መሆኑ ግራ አጋባኝ፤ ሁለተኛውን ማን ይዞልኝ እንዲወጣ አስበው ይሆን?

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዞሮት የወረደ ሰው ሲያጋጥማችሁ ጥላ ሥር አስቀምጡት፤ ካልተሻለው ሐኪም ዘንድ ላኩት፤ ብቻ ድገም አትበሉት።

የክቡርነትዎን ረጅም ዕድሜ፣ የማይናወጥ ሥልጣንና ጸጥ ያለ ራስ ከልቧ የምትመኝ፣
የግርማይ ሚስት፣ ኣዜብ ሃፍቶም
ወልዲያ

ማሳሰቢያ፦ «ማዞር ወይም የራስ ምታት የተሰማው ሰው ሐኪም ያማክር» የሚለው አዲሱ ማስታወቂያችሁ እጅግ ያምራል። የተሰቀለው በቢሮዎ ውስጥ ከጠረጴዛዎ ጀርባ በመሆኑ ግን፣ እሑድ እሑድ መሳፈሪያው ፊት ቆሜ ጮክ ብዬ በቃሌ እያነበብኩላችሁ ነው። እንዲያባርረኝ ያዘዙት የጥበቃ ሠራተኛችሁ ደምሴ ትእዛዝዎን ሰምቶ መጥቶ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ካዳመጠኝ በኋላ ሄዶ ወንበር አመጣልኝ።