በሾፌር በኩል ሁለት ዙር

ሙሉዬ፣

ከተለየሽኝ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ሆነ። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ስለናፈቅሽኝ ብቻ አይደለም፤ ተናድጄብሽም ነው። ለሌላ ሰው ስለማልናገረው ለራስሽ ልንገርሽ።

ቤቱ ብዙ አልተለወጠም። የሃርልስደኑ ጠባብ መንገዳችን ያው ነው፤ በረዶ የምትጠርጊባት መኪናሽም ያው በራችን ላይ ቆማ ነበር። ልብሶችሽን ሊያ ወደ ማንቸስተር ወስዳቸዋለች። ልጃችን ነፍሰ ጡር ናት፤ በጃንዋሪ ትወልዳለች። አባዬ፣ መጥተህ አጠገቤ ሁን ትለኛለች። እኔ ደግሞ ከኖቬምበር እስከ ማርች ከለንደን ንቅንቅ ማለት አልችልም።

ምክንያቱን ታውቂዋለሽ። ሆስፒታል ተኝተሽ፣ እጄን ይዘሽ፣ መኪናዋን እንዳልሸጣት፣ የዌምብሊው የአረጋውያን ቤት ግቢም በረዶ ሲጥል ሳይጠረግ እንዳያድር ቃል አስገባሽኝ። በዚያ ሰዓት ማን እምቢ ይላል? አንቺ የጋራዥ ባለቤት ልጅ ነሽ፤ ሥራውን ትወጂው ነበር። እኔ ግን በዓመት ሁለት ቀን ለማይሞላ በረዶ አምስት ወር የታሰርኩ ሰው ሆንኩ። ከቢሮ ስወጣ የአየሩን ትንበያ ቼክ አደርጋለሁ፣ አውቶቡስ ላይ ቼክ አደርጋለሁ። ሰማዩ ሲጠራ እንኳን ደስ አይለኝም፤ ሲጠራ ይበርዳል።

ባለፈው ወር በረዶ ይጥላል ተባለ። የበረዶ መግፊያውን ብረት ፊቷ ላይ ብገጥመው መኪናዋ አፍንጫዋን ደፋች። መብራቷ ከእግሯ ሥር ያለውን አስፋልት ብቻ ያሳያል፤ መሪውን ስጠመዝዝ ጎማው ፓራፋንጎውን ይፈትጋል። ፊቷ ከፍ ማለት ነበረበት። ይህን ሁልጊዜ የምትሠሪው አንቺ ነበርሽ። ኢንጂነሩ፣ ዲግሪህን አስቀምጥና ቁልፉን አቀብለኝ እያልሽ ስትቀልጂብኝ፣ የእኔ ድርሻ ማቀበል ነበር።

ሳትሄጂ በፊት የጻፍሽልኝን ወረቀት ከመኪናዋ መሳቢያ አወጣሁ። የፊቱን ክብደት የሚሸከሙትን የሁለቱን ዘንጎች ቡሎን አራት አራት ዙር አጥብቅ፤ በሾፌር በኩል ሁለት ዙር ጨምር ይላል። እንዳልሽው አደረግሁ። ታውቂኛለሽ፣ ሩብ ዙር እንኳን አልስትም። ከክሪኩ ሳወርዳት ግን በቀኝ ተነስታ በግራ ወደቀች። በሜትር ለካሁ፣ ፈታሁ፣ ደገምኩ፤ ያው ነው። እርጥብ አስፋልት ላይ በጀርባዬ ተኝቻለሁ፤ በአንድ በኩል የጎረቤት መኪና፣ በሌላው አጥር፣ ከላዬ ያ ሁሉ ብረት። ክንዴን ለማጠፍ እንኳን ቦታ አልነበረኝም። በሕይወት ሳለሽ ተናግሬሽ የማላውቀውን እዚያ ሆኜ ተናገርኩሽ።

ከዚያ ዓይኔ መግፊያውን በሚያነሳው ፓምፕ ላይ አረፈ። የተገጠመው በግራ ነው፤ ትርፉ ክብደት ያለው እዚያ ነው። ያኔ ገባኝ። ሾፌር በግራ የሚቀመጠው አገር ቤት፣ በአባትሽ ጋራዥ ነው። ለንደን ውስጥ ሃያ ዓመት በቀኝ ወንበር ነዳሽ፣ አፍሽ ግን አንድም ቀን ወደ ቀኝ አልተሻገረም። አንድ ጊዜ ባተርሲ ላይ፣ በዝናብ፣ በግራ በር ገብተሽ መሪ ስታጪ ቦርሳዬን ላስቀምጥ ነው አልሽኝ፤ እኔ ስስቅ ኮስተር ብለሽ፣ እንግዲያው አንተ ንዳ ብለሽ ቁልፉን ወረወርሽልኝ። ያ ትዝ ሲለኝ ከመኪናዋ ሥር ሳቄ መጣ። ቀጥሎ የመጣው ሳቅ አልነበረም።

የቀኙን ሁለት ዙር መለስኩ፣ ለግራው ጨመርኩ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። በረዶውም ሳይጥል ቀረ፤ ዝናብ ሆነ።

ሙሉዬ፣ የጻፍሽውን ቃል በቃል ስለተከተልኩ መኪናዋን አጋደልኳት። የሆስፒታሉንም ቃል እንደዚሁ ይዤው ኖርኩ። አንቺ የፈለግሽው ሽማግሌዎቹ እንዳይንሸራተቱ ነው፤ እኔ ከልጅሽ ምጥ እንድርቅ አልነበረም። ቢያንስ እኔ እንደዚያ አንብቤዋለሁ። እንደገና ተሳስቼ ይሆናል። ልጠይቅሽ አልችልም፤ ከሁሉ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

መኪናዋን ከነመግፊያዋ ለአረጋውያን ቤቱ ሰጠኋት። የግቢው ሠራተኛ ጎበዝ ሰው ነው፤ ቡሎኖቹን አሳየሁት፣ ወረቀትሽንም ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሜ፣ በሾፌር በኩል ያልሽውን በግራ በኩል ብዬ ጻፍኩለት። አልሸጥኳትም፤ ግቢውም አይረሳም። በራችን ላይ አሁን የሌላ ሰው መኪና ይቆማል፤ ስገባ ስወጣ ይከፋኛል።

ቅዳሜ ወደ ሊያ እሄዳለሁ። ቃሌን አፍርሼ ከሆነ ይቅር በይኝ። ከእንግዲህ አልናደድብሽም ብዬ አልዋሽሽም። ቃል የምገባልሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አንቺን ለማስታወስ በረዶ አልጠብቅም።

ባለቤትሽ