ወንበሩን በቀኑ የለቀቁት የውሃ አባት፤ የአቶ ባምላኩ ወልደ ዮሐንስ የሕይወት ታሪክ

አቶ ባምላኩ ወልደ ዮሐንስ ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ዮሐንስ ደረሰ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ እህተ ማርያም ሃይለ ሚካኤል በ1948 ዓ.ም በምዕራብ ጎጃም፣ ቡሬ ዙሪያ፣ ልዩ ስሙ ሽንብሪት ኪዳነ ምሕረት በተባለ ቦታ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ሲደርስ በደብሩ ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ፤ ቀጥሎም ቡሬ ከተማ እየተመላለሱ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያ በላይ ያልገፉት አባታቸው የሚያርስላቸው አጥተው ነው። እሳቸው ግን ሲጠየቁ «ሒሳቡ ከበደኝ» ይሉ ነበር፤ አባታቸው በሰው ፊት እንዲወቀሱ አይወዱምና።

በ1971 ዓ.ም ከወይዘሮ ንግሥቴ ሀይሉ ጋር ትዳር መሥርተው ደረሰን፣ ያምሮትንና ውዳሴን አፍርተዋል። በርበሬ፣ በቆሎና ድንች እያመረቱ ቤታቸውን አስተዳድረዋል። ለሥራ የማይታክቱ፣ የሰው ሥራ ግን በቀላሉ የማይጥማቸው ሰው ነበሩ። ቦይ ጠረጋ ላይ አብሯቸው ውሎ ሳይተች የተመለሰ ጎረቤት ካለ እጁን ያውጣ።

የሽንብሪት ወንዝ ተጠልፎ የሚሄድበት ቦይ ሁለት መንደር ያቋርጣል። በላይኛው መንደር አገውኛ ተናጋሪ የአዊ ቤተሰቦች፣ በታችኛው አማርኛ ተናጋሪዎች ይኖራሉ። ሁለቱም በአንድ ደብር ይቆርባሉ፤ በውሃው ግን አይስማሙም ነበር። የውሃ አባት የሚባለው፣ ውሃውን ለየማሳው የሚያከፋፍለው ዳኛ፣ የሚመረጠው በእጅ ብልጫ ስለነበር ሰው የሚበዛበት ታችኛው መንደር ሁልጊዜ ያሸንፋል። ላይኛው መንደር ደግሞ ሲከፋው ቦዩን ከላይ ይገድባል። በዚህ ሁኔታ ማሳ እየደረቀ፣ ወንድም ከወንድሙ እየተፈነካከተ ብዙ ዘመን አለፈ።

በ1994 ዓ.ም አቶ ባምላኩ ከታች፣ አቶ ረዳ ኪዳነ ማርያም ከላይ ተወክለው በሽማግሌዎች ፊት ደጀ ሰላም ላይ ተስማሙ። የውሃ አባትነቱ ሁለት ሁለት ዓመት እንዲፈራረቅ፣ ምክትሉም ከሌላው መንደር እንዲሆን ተወሰነ። የውሃ አባቱ የፈረደውን ምክትሉ በራሱ ቋንቋ ደግሞ ካልተናገረው ፍርዱ አይጸናም። ርክክቡ ኅዳር 21፣ በጽዮን ዕለት፣ ውሃው ከወንዙ በሚጠለፍበት ቦታ እንዲሆን፣ ተሰናባቹ ቦዩን እንዲዘጋ፣ ተተኪው እንዲከፍት ሥርዓት ወጣ። አቶ ባምላኩም ለዚሁ ሲሉ ጎልማሳ ሆነው አገውኛ ተማሩ። አነጋገራቸው ላይኛውን መንደር ሲያስቅ ኖሯል። «ሳቁ፤ ብቻ ስሙኝ» ይሉ ነበር።

የመጀመሪያው የውሃ አባት ሆነው ከ1995 ጀምሮ ሁለት ዓመት አገለገሉ። ሁለቱም መንደር ጠገበ። ጊዜያቸው ሲያልቅ የገዛ መንደራቸው ሰዎች መጥተው «እርስዎን የመሰለ ዳኛ ይዘን ለማን ብለን እንለቃለን?» አሏቸው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ የተረተባቸውም ነበር። እሳቸው ግን ኅዳር 21 ቀን 1997 ዓ.ም ቦዩን ዘግተው ለአቶ ረዳ አስረከቡ፤ «ሹመት ያዳብር» ብለውም መረቁ።

አቶ ረዳ በዚያው በጋ ተሳሳቱ። ግድቡ ሳይጠገን ውሃ ስለለቀቁ ቦዩ ተደርምሶ የታችኛውን መንደር ድንችና የበርበሬ ችግኝ ጠርጎ ወሰደው። ከሁሉ የባሰው ጉዳት የደረሰው በአቶ ባምላኩ ማሳ ላይ ነበር። መንደሩ ዱላውን ይዞ ደጃቸው ተሰበሰበ፤ አቶ ረዳ ይውረዱ፣ እርስዎ ይመለሱ አለ። አቶ ባምላኩ እምቢ አሉ። «አጥፍቷል። ካሳውን በሽማግሌ እንጠይቃለን፤ ቦዩንም አብረነው እንሠራለን። ወንበሩ ግን የእነሱ ነው። እኛ ስናጠፋ ማን አወረደን?» አሉ። ወይዘሮ ንግሥቴ «ድንቹን ውሃ ወሰደው፤ እርስዎ ደግሞ ተራ ይቆጥሩልኛል!» ብለው እስከ ፋሲካ በቅጡ አላናገሯቸውም። ልጃቸው ያምሮት ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይታ የጀመረችውን ዘጠነኛ ክፍል በዚያ ዓመት አቋረጠች። ለእሳቸው ከድንቹ ይልቅ ይህ ነበር ያመማቸው። ይህን ታሪክ የጻፈችው እሷ ናት፤ ዛሬም ንዴቷ ጨርሶ ወጥቶላታል ማለት አይቻልም።

ከዚያ ወዲህ ወንበሩ ሳይቋረጥ ሲፈራረቅ ቆይቶ፣ ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ልጃቸው ደረሰ የውሃ አባት ሆኗል። የላይኛው መንደር ለዘንድሮ የመረጠው ደግሞ አቶ ረዳን ነው። የታችኛው መንደር «ቦይ ሰባሪው ተመልሶ መጣ» ብሎ ማጉረምረም ጀመረ።

አቶ ባምላኩ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም፣ መንገድ በተከፈተ ጊዜ ሁሉ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል እየተመላለሱ ሲታከሙ ቆይተዋል። ኅዳር ሲገባ ሕመሙ ጠና። ዘመድ አዝማዱም በለሆሳስ መምከር ያዘ፤ እሳቸው ካረፉ ርክክቡ ለአርባቸው ይተላለፍ፣ ሐዘን ላይ ያለ ቤት ወንበር አያስረክብም ተባለ። ደረሰም እሺም እምቢም ሳይል ቀረ። ወሬው የሕመም አልጋቸው ድረስ ደረሰ።

እሳቸውም ደረሰንና አቶ ረዳን አስጠሩ። «አርባ ያላችሁት ሙት ዓመት ይሆናል፤ ሙት ዓመቱም ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ሬሳዬን ምክንያት እንዳታደርጉት። ቀኑ ሲደርስ ስጥ» አሉት ልጃቸውን። አቶ ረዳ እንደ ፍርዱ ሥርዓት ቃሉን በአገውኛ ሊደግሙ ጀምረው ዕንባ አቋረጣቸው። የቀረውን አቶ ባምላኩ ራሳቸው፣ በዚያው በሚያስቀው አገውኛቸው ጨረሱላቸው። ያን ቀን የሳቀ ሰው የለም።

አቶ ባምላኩ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም በተወለዱ በ69 ዓመታቸው በቤታቸው ዐርፈው፣ ዛሬ ኅዳር 19 በሽንብሪት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ቀብራቸው ይፈጸማል። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ወይዘሮ ንግሥቴ «ከእኔ ይልቅ ውሃው አገባቸው» እያሉ በለቅሶው ላይ ሲያወጡት ሰምታችኋል፤ በፍቅር ነው።

ሠልስታቸው ኅዳር 21 ቀን፣ የርክክቡ ዕለት ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ የሚያሳስበው ጉዳይ አለ። ከቅዳሴ በኋላ ለቀስተኛው ሁሉ፣ የላዩም የታቹም፣ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ደረሰ ባምላኩ የሐዘን ልብሱን ሳያወልቅ ቦዩን ይዘጋል፤ አቶ ረዳ ኪዳነ ማርያም ይከፍታሉ።

ኪዳነ ምሕረት በቃል ኪዳኗ ትቀበላቸው፤ ለእኛም ቃላቸውን የምንጠብቅበትን ልብ ትስጠን። አሜን።